ውሃው የደረሰበት

ማሽን ላይ የምጮህ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ሰው ላይ መጮህ ነውር ስለሆነ ኮምፒውተሬ ላይ እጮሃለሁ። «ምን ሆነሃል አንተ? ምን በደልኩህ?» እለዋለሁ፣ ጠረጴዛውን በጥፊ እያልኩ። ቢሯችን ሲግናል አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ነው፤ ሰፊዎቹ ድምፄ ሲወርድላቸው «ኢንጅነሯ ዛሬም ተነሳባት» እየተባባሉ ይስቃሉ አሉ። ይሳቁ። ያን ሰሞን ግን መጮህም አቃተኝ፤ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ዝም ብዬ እውል ነበር።

የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ሕንፃ ወይም ድልድይ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ስንት ብረት፣ በምን ውፍረት፣ የት የት ይግባ የሚለውን አሰላለሁ። ለዚህ የሚያግዘን ፕሮግራም አለ። ሕጎቹን እንነግረዋለን፦ እንዳይሰበር፣ ሰው ሲረግጠው ከዚህ በላይ እንዳይረግብ፣ እንዳይወዛወዝ። በተረፈ የቻልከውን ያህል አቅልለው እንለዋለን። እሱ አንዱን ብረት ያቀጥናል፣ ሌላውን ያወፍራል፣ እንደገና ያሰላል፣ ደግሞ ያቀጥናል። በየዙሩ ክብደቱ ሲቀንስ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚቀነስ ነገር ሲያልቅ መስመሩ ጋደም ይላል። ያኔ «ረጋ» እንላለን። ወጣቶቹ «ኮንቨርጅ አደረገ» ይሉታል፣ ያው ነው። እንደ እርጎ አስቡት፤ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ክዳኑን ስታነሱት ወተት ሆኖ የሚጠብቃችሁ ቀን አለ።

ያልረጋልኝ የእግረኛ ድልድይ ነበር፤ ያውም የገዛ ሰፈሬ ድልድይ።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከኮተቤ በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። አባቴ ድሮ እዚያው ገበሬ ነበሩ፤ ከተማው ወደ ላይ ሲወጣ እርሻው ቤት ሆነ፣ እሳቸውም የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኑ። ቤታችንንና የታክሲውን መንገድ የሚለያየው ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ወንዝ ብሎ መጥራቱ ራሱ ያሳፍራል፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጣችሁ፣ ጫማችሁ ሳይርስ ትሻገራላችሁ። በክረምት ግን ላይኛው ጋራ ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ እንኳ፣ ጭቃና ግንድ ይዞ ድንገት ይመጣል። መሻገሪያችን የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር፤ ክረምት ይወስደዋል፣ ጥቅምት ላይ ይተካል።

እህቴን የወሰዳት ያ ወንዝ ነው።

የመጨረሻዋ ነበረች፣ የቤቱ ሁሉ ሞልቃቃ። ከትምህርት ቤት የሚያመጧት አባቴ ናቸው። ያን ቀን እኛ ሰፈር ጠብ አላለም፤ የዘነበው ላይ ነው። ግንዱ ጠዋት ተወስዶ ነበር፤ ውሃው ጎደል ሲል አባቴ እጇን ይዘው ገቡ። መሃል ሲደርሱ ከላይ ሌላ ውሃ መጣ። አባቴ ወጥተው ዳር ዳሩን ሮጡ፣ አልደረሱባትም። እኔ ያኔ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። አባቴ ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፦ «ከራሴ በላይ ነበር። ውሃው ከራሴ በላይ ነበር።» እናቴ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ አጠገባቸው ሆና፣ «ከሰው ቁመት በላይ ነው የመጣው፤ እሱ ምን ያድርግ?» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የቆመው በዚያ ቃል ነው። ዘመድ ሲመጣ ይኸው ቃል ይደገማል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው ይቀየራል።

እናቴ ከዚያ በኋላ በወንዙ በኩል አልሄደችም። በጋም ቢሆን፣ ድንጋዩ ደርቆ አቧራ ቢያወጣም፣ ገበያ የምትወርደው በላይኛው መንገድ ዞራ ነው። ጉልበቷን እያመማት ትዞራለች። «እማዬ፣ ውሃ እኮ የለውም» ስላት፣ «ተዪኝ፣ እግር ማፍታታት ነው» ትለኛለች። ዕድሩ በመጨረሻ «በቃን፣ የብረት ድልድይ እናሠራ» ብሎ ሲነሳ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው እሷ ናት። በብረት ላይ ከሆነ እሻገራለሁ አለች። እኔም ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ነው ሥራውን ወደ ቢሮ ይዤ የሄድኩት።

የቢሯችን ባለቤት፣ ሁላችንም «ኢንጅነር» ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ነገሩን ሲሰሙ አላንገራገሩም። «ለጽድቅ ነው፤ ያዢው፣ ግን ሌላውን ሥራሽን እንዳትበድይ» አሉኝ። ቦታውን ለማየት አብረውኝ ወጡ። ችግሩ እዚያው ታወቀን። ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ ነው፤ መኪናም ክሬንም አይደርስም። የዕድሩ ሰዎች ይህን ስንነግራቸው ሳቁብን። «ሬሳ የምንሸከም ሰዎች ብረት ያቅተናል?» አሉ። ስለዚህ ለፕሮግራሙ አንድ ተጨማሪ ሕግ ሰጠሁት፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ስምንት ሰው በትከሻው ይዞት፣ በዚያ ቁልቁለት ሳያንሸራትተው የሚያወርደው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ከፍታ ነው። ድልድይ ውሃው ከደረሰበት በላይ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ታዲያ ውሃው የት ደርሶ ያውቃል? ለእንዲህ ያለ ትንሽ ወንዝ መለኪያም ለኪም የለም። የሙያችን ልማድ ሽማግሌ መጠየቅ ነው። ወንዙ ዳር ሰብሰብ እንልና፣ «እስኪ በዕድሜያችሁ ከሁሉ የከፋው የት ደረሰ?» እንላለን። አንዱ እዚህ ሲል ሌላው «ኧረ ተው፣ እዚያ ነው» ይላል፤ ይከራከራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ በመሃል እውነቱ ይወጣል። ያን ቀን ግን ጥያቄው ሲጠየቅ ሁሉም ዞሮ አባቴን አየ። አባቴ ከዘራቸውን አነሱና ማዶ ያለችውን ጥቁር የድንጋይ እርከን አሳዩ። ከራሳቸው በላይ ናት። አንድም ሰው «ኧረ ተው» አላለም። ልጁ የተወሰደችበትን አባት «እርግጠኛ ነህ?» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ኢንጅነርም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እኔም ለክቼ ጻፍኩ፣ ተመለስን።

ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሳሁት። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ መስመሩ እንደ ወጉ ወረደ። «ጎሽ» አልኩት። ከዚያ መንቀርፈፍ ጀመረ። ትንሽ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ብረቱን ያቀጥነውና «ረገበ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ያወፍረውና «ለተሸካሚ ከበደ» ብሎ ይመልሰዋል። ጠዋት አስጀምሬው፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ያው እዚያው ነው። በማግስቱም ያው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ሥራው ግን ንቅንቅ አይልም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። አንዱን ቁጥር በሜትር፣ ሌላውን በሚሊሜትር አስገብቼ ይሆን ብዬ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ደህና ነበር። በየዙሩ የሚራመደውን እርምጃ ሰፋ አደረግኩለት፤ ጭራሽ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘል ጀመር። ጠበብ አደረግኩለት፤ ቀንድ አውጣ ሆነ። መነሻውን ለወጥኩ። ከወፍራም ብረት አስጀመርኩት፣ ከቀጭን አስጀመርኩት፤ ከየትም ቢነሳ መጥቶ እዚያችው ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሠራውን ሁሉ ይዞት ይሞታል። ትዕግሥት ደግሞ አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ኪቦርዱን ብድግ አድርጌ ልወረውረው ስል ኢንጅነር በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ኧረ ቀስ! እሱ ምን አጠፋ?» አሉ።

«ኢንጅነር፣ ሊያሳብደኝ ነው።»

«ለዚህች ድልድይ? ምን ያንቀረፍፈዋል?» ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መስመሩን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «ይሄ ሰንፎ አይደለም» አሉ ቆይተው። «የማይታረቅ ነገር አዘሽዋል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም፣ ሁሉንም እሺ ሊል እየሞከረ ነው። ሕጎቹን አንድ በአንድ እያነሳሽ እይው፣ የቱ እንዳነቀው።» ሲነሱ ደግሞ፣ «ክረምት ሳይገባ መሠረቱ ካልወጣ ለከርሞ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ይህን እንኳ ለኔ መንገር አያስፈልግም ነበር።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሐኪም ሆድ እየተጫነ «እዚህ ያምሻል? እዚህስ?» እንደሚለው ነው ሥራው። የመወዛወዙን ሕግ አነሳሁ፤ ለውጥ የለም። የመርገቡን አላላሁ፤ ጥቂት ተሻለው። የተሸካሚዎቹን አነሳሁ፤ ረጋ፣ ግን ምን ያደርግልኛል፣ ማንም የማይሸከመውን ብረት ነው የሰጠኝ። ያንን መለስኩት። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፣ እኔም ልነካው ያላሰብኩት፣ ፕሮግራሙም እንዲነካው ያልተፈቀደለት፤ የድልድዩ ከፍታ። ሸለቆው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። ድልድዩ ከፍ ሲል ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ይረዝማል፣ ሲረዝም ብረቱ ይከብዳል። እስኪ ለሙከራ ብቻ ብዬ የውሃውን ልክ በአንድ ክንድ ያህል ዝቅ አደረግኩት። መስመሩ መውረድ ጀመረ። ውሃው የደረሰው የሰው ወገብ ድረስ ብቻ ነው ብዬ ደግሞ ዝቅ አደረግኩት። ሻይዬን አንስቼ ሳላስቀምጥ ረጋ። ምንም ሳይንቀጠቀጥ፣ ጋደም አለ።

እሰይ! ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

ስለተመቸኝ ብቻ ቁጥር መቀየር አልችልም። ስለዚህ ማጣራት ያዝኩ፤ አባቴ ትክክል ይሁኑ እያልኩ፣ እመብርሃንን እየለመንኩ። ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ የአንዲት ጎረቤታችን የጭቃ ቤት አለ። እህቴ ከመሞቷ በፊት የተሠራ ነው። በለካነው ካርታ ላይ የቤቱን ወለል ከጥቁሯ እርከን ጋር አስተያየሁት። ውሃው እርከኗ ጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያ ቤት እስከ ጣሪያው ይዋጥ ነበር። ቤቱ ግን አለ። ሴትየዋም አለች፤ እንዲያውም ለለቅሶ የመጣው ሰው ምሳ የበላው በዚያው ቤት ነው። ወይኔ! ስንት ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ስንት ጊዜ ግድግዳውን ተደግፌ ከሴትየዋ ጋር አውርቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ሰፈሩም አላሰበውም፤ ወይም አስቦት ዝም ብሏል።

ለኢንጅነር ሄጄ ነገርኳቸው።

«ከፍታውን የሰጠን ማን ነበር?» አሉኝ፣ እያወቁ።

«አባቴ።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።»

እስክሪብቷቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «እንግዲህ አባትሽ በአፋቸው ካላሉ እኔ ዝቅ አላደርገውም» አሉ። «ቤቱ ስለቆመ ብዬ በግምት አልፈርምም፤ የሰው ነፍስ ነው። ሂጂና ጠይቂያቸው።» እርስዎ ይጠይቁልኝ ልል ነበር፣ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

እሁድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንዙ ዳር ጠበቅኋቸው። እናቴን «አንቺ»፣ አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ከእናቴ ጋር በቀን አሥር ጊዜ እጣላለሁ፤ አባቴን ግን በሕይወቴ ተከራክሬያቸው አላውቅም። ውሃው ያን ቀን ከቧንቧ አይበልጥም ነበር። ነጠላዬን ሰብስቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል፣ ድንገት ደረሱብኝ።

«አባዬ፣ ድልድዩ እምቢ አለ» አልኳቸው።

«እምቢ አለ ማለት?»

«እዚያ ከፍታ ላይ ከሆነ ሰው የሚሸከመው ብረት አይሆንም። ውሃው በትክክል የት ነበር የደረሰው?»

«አሳየሁ እኮ።» ከዘራቸውን አላነሱም።

«አባዬ…»

«አሳየሁ አልኩ!»

ዞር ብዬ የጎረቤታችንን ቤት አየሁት፤ እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። አባቴ ይቆጡም ይስቁም በአማርኛ ነው፤ ከሆዳቸው የሚወጣውን ነገር ግን በኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። ያን ቀን በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ድረስ ነበር። እዚህ ድረስ ብቻ። ይዣት ነበር፣ እጇ ሙልጭ ብሎ ወጣ። እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ቆሜ ልጄን አጣሁ። ይህን ለእናቷ ምን ብዬ ልንገራት?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ዓመት! ስንት ዓመት ወንዙ ዳር ቆሜ ቀና ብዬ እያየሁ «ይሄን ያህል ውሃ» እያልኩ አለቀስኩ።

«ከፍ አድርገሽ ሥሪው» አሉኝ ቀጥለው። «ዝቅ ብሎ ከተሠራ እናትሽ መሃሉ ላይ ትቆማለች፣ ቁልቁል ታያለች። ለምን እዚህ ላይ ሆነ ትላለች። ሞኝ አይደለችም። ያኔ እኔ በየትኛው ፊቴ እቤቴ እገባለሁ?»

«ከፍ ካለ አይሠራም አባዬ! አይሠራም! ክረምቱ መጣ እኮ፤ የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ ይወሰድ?» ጮህኩባቸው። ከማዶ ከብት የምትጠብቅ ሴትዮ ቀና ብላ አየችን። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ዳገቱን ወጡ። እኔም እናቴን ሳልሰናበት ወርጄ ታክሲ ያዝኩ፤ ኮተቤን እስክናልፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

የቢሮውን ታሪክ እዚህ ላይ ልጨርሰውና ይለፍ፣ እሱ ቀላሉ ነው። ቁጥሩ በመጨረሻ ገባ። ፕሮግራሙ ረጋ። ለደህንነት የሚጨመረውን ሁሉ ጨምረንበት፣ ኢንጅነር ፈረሙበት፣ ብረቱ ተቆረጠ፣ የዕድሩ ሰዎች ቁራጮቹን በትከሻቸው እየተቀባበሉ አወረዷቸው። ድልድዩ ዛሬ ቆሟል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ቁጥሩ እንዴት እጄ እንደገባ ነው።

ከዚያ እሁድ በኋላ ፋይሉን አልከፈትኩትም። ኢንጅነር ሲጠይቁኝ «እየጠየቅኩ ነው» እላለሁ። ኢንጅነርም ሰው ናቸው፣ አይጫኑኝም፤ ግን ሰማዩን በመስኮት ቀና ብለው እያዩ ያልፋሉ። ሁለት መንገድ ነበረኝ፣ ሁለቱም አስቀያሚ። አባቴን ባጋልጥ ድልድዩ ይሠራል፣ ቤታችን ግን ይፈርሳል። ዝም ብል ቤታችን እንዳለ ይቆያል፣ ልጆች ግን በግንዱ ላይ ይሻገራሉ። እናቴ ደግሞ በመሃል ትደውላለች። «ድልድዬስ ምን ደረሰ?» ትለኛለች፣ ድልድዬ እያለች። «እየተሠራ ነው እማዬ» እላታለሁ፣ ቶሎ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን የደወሉት አባቴ ናቸው። ስልክ የማይወዱ ሰው ናቸው፣ ሲደውሉም ሰላምታ አያበዙም። «ከሥራ ስትወጪ ነይ» አሉኝ። «ለእናትሽ ልነግራት ነው። ብቻዬን አልችለውም።»

ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አባቴ ፊት ለፊቷ ቆመዋል።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል? ዛሬ ደግሞ ምን ገትሮ አቆመህ?» አለቻቸው። እኔን ስታይ ደግሞ «ምነው፣ በሥራ ቀን? ደህና ነሽ?» አለችኝ።

አባቴ አልተቀመጡም። «ያን ቀን» ብለው ጀመሩ። የቱ ቀን ብሎ የሚጠይቅ በቤታችን የለም። «ያን ቀን ውሃው ከራሴ በላይ አልነበረም። እስከ ወገቤ ነበር።»

እናቴን ማየት አልቻልኩም፣ ሰፌዱን ነው ያየሁት። ጣቷ ምስሩ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መልቀም ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለች።

አባቴ የሰሙ አልመሰሉም። «እስከ ወገቤ ነው ያልኩሽ» አሉ።

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ልብስህን ያወለቀልህ ማን ሆነና? ሱሪህ ጭቃ ነበር። ሸሚዝህ ከሆድህ በላይ ደረቅ ነበር፣ ራስህ ላይ ጠብታ ውሃ አልነበረም። እኔ ነኝ አጥቤ ያሰጣሁት።»

«ታዲያ…» አሉ አባቴ። «ታዲያ ለሰው ሁሉ ከቁመቱ በላይ ነበር ስትይ…»

እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠችው። የተቆጣች መሰለች። «ምን ልበል ታዲያ? እሷን ላላገኛት አንተን ልጣህ?»

እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ እንደ ሰው መናገር አልችልበትም። አፌን ስከፍት የሚወጣው ሥራዬ ነው። «እማዬ፣ አባዬ፣ ስሙኝ» ብዬ በዚያ ቁልቁለት የሚመጣ ውሃ ወገብ ድረስ መሆኑ ትንሽ እንዳይመስላቸው ነገርኳቸው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ነገርኳቸው። እስከ ጉልበት ቢሆን እንኳ ጎልማሳ ሰው እንደሚጥል፣ እሳቸው ራሳቸው እንዴት ቆመው እንደወጡ ለእኔም እንደማይገባኝ ነገርኳቸው። «በሬ ቢሆን ይጥለው ነበር አባዬ። ማንም አይይዛትም ነበር።»

«በሬ?» አሉ። ገበሬ ናቸውና ያ ገባቸው።

«በሬ፣ አባዬ።»

እናቴ «እሱን ለራሱ ንገሪው» አለችኝ። «እኔ በፊትም አልከሰስኩትም።»

አባቴ ቀስ ብለው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ ከውስጡ ድምፅ ወጣ፤ ድንኳኑ ተተክሎ በነበረ ጊዜ ያልሰማሁት ድምፅ። ያኔ «ከራሴ በላይ ነበር» እያሉ አንዲት እንባ አላወጡም ነበር። ላባብላቸው ብድግ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለች። «ልጁን ዛሬ ገና ነው የቀበራት።»